ሳንባን በኦክስጅን ትንፋሽ በኤምአርአይ ሲያነሡ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ኦክስጅን ደካማ ማግኔታዊ ባሕርይ ስላለው በሳንባ ደምና ሕብረ ህዋስ ውስጥ ሲሟሟ፣ ቲ1 የሚባለውን የምልክት ማገገሚያ ጊዜ ያሳጥራል። ሰው አየር ሲስብ የተነሣው ምስል ንጹሕ ኦክስጅን ሲስብ ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር የሳንባው ሥራ ይታያል። ለዚሁ ሥራ የሚሳበው ሌላ ጋዝ፣ ዜኖን-129፣ የበለጠ ዝርዝር ይሰጣል፤ ነገር ግን ጋዙን የሚያዘጋጅ ልዩ መሣሪያ በቅርብ ይፈልጋል። በመሀል አዲስ አበባ ለሚሠራ ቡድን ቀላሉ መንገድ ኦክስጅን ነው።

የባሕር ጠለል ቁጥሮችን እንዳሉ መውሰድ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከተማዋ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 760። ከሁለቱም ላይ 47 ለውሃ እንፋሎት ይቀነሳል፤ አየር ስንስብ ከቀረው 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ስለዚህ እዚህ አየር ስንስብ የኦክስጅኑ ግፊት 111፣ ንጹሕ ኦክስጅን ስንስብ 528 ገደማ ይሆናል፤ ልዩነቱ 417 ነው። በባሕር ጠለል ከ150 ወደ 713 ስለሚወጣ ልዩነቱ 563 ይደርሳል። ያው ጤነኛ ሳንባ እዚህ የሚያሳየው ለውጥ ሩብ ያህል ያንሳል ማለት ነው። ቲ1 በ10 በመቶ ገደማ ያጥራል የሚል የውጭ ጽሑፍ ይዛችሁ 7 ወይም 8 ብታገኙ፣ ጤነኛውን ሰው ሕመምተኛ አታድርጉት።

ግፊቱን ከስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ አትውሰዱ። እዚያ የሚታየው 1,020 ሄክቶፓስካል አካባቢ ያለ ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ነው። በክፍሉ ውስጥ በባሮሜትር ስትለኩ 770 ሄክቶፓስካል ገደማ (ከላይ ያለው 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት ነው) ታገኛላችሁ፤ መመዝገብ ያለበት እሱ ነው።

“ጤነኛ ነኝ” ማለትን ብቻ ማመን

ሲጋራና አስምን ሁሉም ይጠይቃል። የዳነ የሳንባ ነቀርሳ የተወው ጠባሳ፣ ለዓመታት በከሰልና በማገዶ ጭስ ውስጥ ምግብ ማብሰል፣ ያለፈው ወር ጉንፋን ግን ሳይጠየቁ ይቀራሉ። ሁሉንም ጠይቁ፣ በመሣሪያ ውስጥ በማስተንፈስ የሳንባን አቅም የሚለካውን ምርመራ፣ ስፓይሮሜትሪንም፣ አስቀድሙ። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ዳገቱን በእግሩ የወጣ ሰው ደግሞ ትንፋሹ እስኪረጋጋ ይረፍ።

ከማስኩ የሚወጣውን 100 በመቶ ነው ብሎ መገመት

ባለ ከረጢት ማስክ በደቂቃ 15 ሊትር ቢለቀቅለትም በጠርዙ አየር ካስገባ መጠኑ በጣም ይወርዳል። አፍንጫና ጉንጭ ላይ በደንብ ይግጠም፤ ሰውየው ሲስብ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ አይጨፍለቅ። ከክፍሉ አየር ኦክስጅን የሚያጣራው ማሽን (ኮንሰንትሬተር) ለዚህ አይበቃም፤ ብዙዎቹ በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሊትር ብቻ ይሰጣሉ፣ ንጽሕናውም 93 በመቶ ገደማ ነው። ለመነሻው ምስል ያንኑ ማስክ አድርጋችሁ የሕክምና አየር በዚያው ፍሰት ስጡ፤ ማስኩ ብቻውን የአተነፋፈስ ሁኔታን ስለሚለውጥ። ጋዝ ተዘግቶ ማስኩ ፊት ላይ እንዳይቀር፤ ሰውየው የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል።

ሳይቆዩ ማንሣት

ኦክስጅኑ ከተከፈተ በኋላ ናይትሮጅኑ ታጥቦ እስኪወጣ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ኦክስጅን ይሁን።

የትንፋሹን መጠን አለመቆጣጠር

ሳንባ ሲነፋ በአንድ ቦታ ያለው ሕብረ ህዋስ ስለሚሳሳ ምልክቱ ይወርዳል፤ ኦክስጅን ያመጣው ለውጥ ይመስላል። ሰውየው በመደበኛው ሁኔታ ትንፋሹን አውጥቶ ሲጨርስ አንሡ። “አየር ያስገቡ፤ ቀስ ብለው ያውጡ፤ እንደዚሁ ይቆዩ” የሚለውን ትእዛዝ ከክፍሉ ውጭ፣ በጀርባ አስተኝታችሁ አለማምዱ። ሁለቱ ምስሎች ሳይገጣጠሙ ከተቀናነሱ በድያፍራም ጠርዝ ላይ የሐሰት ብርሃን ይወጣል።

ምስሉን አየር የደረሰበት ካርታ ብቻ አድርጎ ማንበብ

ምልክቱ የአየር መድረስን፣ የኦክስጅንን ወደ ደም መሻገርንና የደም ዝውውርን አንድ ላይ ይዟል። በጀርባ የተኛ ጤነኛ ሰው በፊትና በኋላ የሳንባው ክፍል መካከል ልዩነት ያሳያል፤ የመሬት ስበት የሚያመጣው ስለሆነ በሽታ አይደለም። ልብንና ትልልቅ የደም ሥሮችን ከስሌቱ አውጡ። ምርጫ ካላችሁ የማግኔቱ ጉልበት 1.5 ቴስላ የሆነ መሣሪያ ከ3 ቴስላው ይሻላል፤ የሳንባ ምልክት በ3 ቴስላ ይበልጥ ቶሎ ይጠፋል።

ሲሊንደሩን ይዞ መግባት

የብረት ሲሊንደር ማግኔቱ ነጥቆ ሰው ሊገድልበት ይችላል። ሲሊንደሩና ሬጉሌተሩ ከክፍሉ ውጭ ይቁሙ፤ በረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ብቻ ጋዙን አስገቡ። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ዘይትም ቅባትም አይነካ፤ በንጹሕ ኦክስጅን ውስጥ በቀላሉ ይቀጣጠላል። የደም ኦክስጅን መለኪያውም ለኤምአርአይ ክፍል የተሠራ ካልሆነ ሽቦው ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። መብራት ቢጠፋ ማን ማስኩን እንደሚያነሣና ማን ሲሊንደሩን እንደሚዘጋ ሰውየው ከመግባቱ በፊት ተነጋገሩ።