«እኔ ጋ’ኮ ይሠራል!»፦ ሃርድዌር የሚነካ ቴስት የኪራይ ሲአይ ላይ ሲወድቅ

ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) የሚያስነሳ፣ ዲስክ የሚከፋፍል ወይም የኔትወርክ ካርድን በቀጥታ የሚያዝ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ሲአይ (ኮድ በተቀየረ ቁጥር ቴስቶችን በራሱ የሚያሮጥ አገልግሎት) የሚመርጠው እንደ ዌብ አፕ ሠሪ አይደለም። ዌብ አፑ ከሥሩ የትኛውም ማሽን ቢኖር ግድ የለውም። የእኛ ቴስት ግን ግማሹ ማሽኑ ራሱ ነው።

እኛ ትንንሽ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስነሳ መሣሪያ እንሠራለን። መጀመሪያ አገልግሎት ስንመርጥ ያየነው ዋጋውንና የነፃ ደቂቃውን ብዛት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ገጥሞናል። ከምልክቱ እየተነሳሁ ልንገራችሁ።

ቴስቱ ገና ሲጀምር «ኬቪኤም የለም» ይላል

ላፕቶፓችሁ ላይ ሁሉም ያልፋል። ሲአይ ላይ ግን አንድም ቨርቹዋል ማሽን ሳይነሳ ይወድቃል።

ኬቪኤም ቨርቹዋል ማሽን በፍጥነት እንዲሮጥ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮም የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አካል ነው። የሚሠራው ግን ፕሮሰሰሩ ሲያግዘው ነው። የተከራያችሁት የሲአይ ማሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቨርቹዋል ማሽን ነው። በውስጡ ሌላ ቨርቹዋል ማሽን እንዲነሳ ከሥር ያለው ዋናው ማሽን መፍቀድ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቀኑን ያቃጥላል። ሦስት የተለያዩ መንስኤዎች ሎጉ (የሥራው መዝገብ) ላይ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ በቅደም ተከተል እዩ።

መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን መረጃ አውጡና ለኢንቴል «ቪኤምኤክስ»፣ ለኤኤምዲ «ኤስቪኤም» የሚለውን ምልክት ፈልጉ። ከሌለ፣ ከሥር ተዘግቷል ማለት ነው። እናንተ ከውስጥ ሆናችሁ የምትከፍቱት ነገር የለም። ጊዜያችሁን አታባክኑ፣ ሌላ ማሽን ፈልጉ።

ምልክቱ ኖሮ የኬቪኤም ፋይሉ ዴቭ ማውጫ ውስጥ ከሌለ፣ ወይ የከርነል ሞጁሉ (ከርነሉ ላይ የሚጨመረው የኬቪኤም ክፍል) አልተጫነም፣ ወይ ያላችሁት ኮንቴይነር (የዋናውን ማሽን ከርነል የሚጋራ የተለየ ክፍል) ውስጥ ነው። ኮንቴይነር ከሆነ ከርነሉ የእናንተ አይደለም። ሞጁል መጫን አትችሉም። አገልግሎቱ ፋይሉን ወደ ውስጥ ካላሳለፈላችሁ በቀር መፍትሄው ሙሉ ቨርቹዋል ማሽን የሚሰጥ አገልግሎት መምረጥ ነው።

ፋይሉ ኖሮ «ፈቃድ የለህም» ካላችሁ ደስ ይበላችሁ። ይሄ ቀላሉ ነው። ጊትሃብ አክሽንስ (የኮድ ማከማቻው የጊትሃብ ሲአይ) ላይ የሚያጋጥመው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከቴስቱ በፊት ፋይሉን የሚከፍት አንድ የዩዴቭ (የመሣሪያ ፋይሎችን ፈቃድ የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ክፍል) ደንብ ጨምሩና ዩዴቭን እንደገና አስነብቡት። ጊትሃብ ይህን በር የከፈተው የአንድሮይድ ኢሙሌተር እንዲፈጥን ብሎ ነው። ሰነዱ ላይ ግን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሳት በይፋ እንደማይደገፍና ኃላፊነቱ የተጠቃሚው እንደሆነ ይናገራል። ለዕለት ሥራ ይበቃል። የሪሊዝ ውሳኔያችሁን በሙሉ እሱ ላይ ባትጥሉ ግን ይሻላል።

በሩ ጨርሶ ከተዘጋ፣ ጎግል ክላውድ ላይ ይህን ፈቃድ ሲፈጠር የሚከፍቱለት ማሽን መከራየት ይቻላል። አማዞን ላይ ደግሞ ሜታል የሚባሉት፣ ራሳቸው ቨርቹዋል ያልሆኑ ሙሉ ማሽኖች አሉ። ዋጋቸው ከበድ ስለሚል ለሌሊቱ ቴስት ብቻ አስነሱና አጥፏቸው።

ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ችግሩ ግን ደንበኛው ጋ ወጣ

ከሁሉም በላይ የጎዳን ይሄ ነው። ለሳምንታት አረንጓዴ ነበርን፣ ማለትም ሲአዩ ሁሉም አልፏል ይል ነበር። ደንበኛ ደውሎ ማሽኑ አልነሳም ሲል ኮዱን ብናይ በግልጽ ተሰብሯል። ታዲያ ቴስቱ እንዴት አለፈ?

ቴስቱ አልተሮጠም ነበር። ከእኛ አንዱ፣ ላፕቶፑ ኬቪኤም የሌለው ሰው እንዳይቸገር ብሎ «ኬቪኤም ከሌለ ዝለል» የሚል መስመር ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው። የሲአዩ ኢሜጅ (ማሽኑ የሚነሳበት ዝግጁ ሲስተም) ሲታደስ ኬቪኤም ጠፋ፣ ቴስቶቹም በሙሉ በዝምታ ተዘለሉ። የቴስት መሣሪያዎች የተዘለለን እንደ ውድቀት አይቆጥሩም። ስለዚህ ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ቀጠለ።

መፍትሄው ሁለት መስመር ነው። ሲአዩ ላይ «እዚህ ሃርድዌሩ የግድ ነው» የሚል ተለዋዋጭ አስቀምጡ። ተለዋዋጩ ካለ መዝለል ወደ ውድቀት ይለወጥ። በተጨማሪ በትክክል የሮጡትን ቴስቶች ቁጥር አስቆጥሩ፣ ከጠበቃችሁት ካነሰ ሥራው ይውደቅ። ይህን ዛሬውኑ አድርጉት። ሌላውን ክፍል በኋላ ማንበብ ትችላላችሁ።

እግረ መንገዴን፣ አገልግሎት ገና እየመረጣችሁ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ የመመርመሪያ ሥራ ጻፉ። የፕሮሰሰሩን ሞዴል፣ የኬቪኤምን መኖር፣ የከርነሉን ስሪት፣ የሜሞሪውንና የባዶ ዲስኩን መጠን ያትም። አንዴ አይበቃም። ጠዋት፣ ማታ፣ ቅዳሜም አሩጡት። ዛሬ የተሰጣችሁ ማሽን ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። አገልግሎቱን ከመረጣችሁም በኋላ ይህ መረጃ የእያንዳንዱ ሎግ መጀመሪያ ላይ ይታተም።

አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ጊዜው ያልቃል

የመጀመሪያው እጅ የሚሄደው ወደ ታይምአውቱ (የጊዜ ገደቡ) ነው። ቆዩ። ኪውኢሙ (ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያሮጠው ፕሮግራም) ኬቪኤምን ካላገኘ ወደ ሶፍትዌር ኢሙሌሽን (ፕሮሰሰሩን በሶፍትዌር ማስመሰል) እንዲወርድ አዛችሁት ከሆነ፣ ይወርዳል። ያኔ ቴስቱ ብዙ እጥፍ ይንቀራፈፋል። «ኬቪኤም ብቻ» ብላችሁ እዘዙት፣ ከሌለ በግልጽ ይሰበር።

ኬቪኤም ኖሮም ከዘገየ ቶፕን (የማሽኑን ጫና የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ከፍታችሁ «ኤስቲ» የሚለውን ቁጥር ተመልከቱ። ከፍ ካለ፣ ያንኑ ማሽን የተከራየ ጎረቤት ፕሮሰሰሩን እየተሻማችሁ ነው። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ የፍጥነት ቴስት አታሩጡ። ውጤቱ ስለ ኮዳችሁ ምንም አይነግራችሁም።

«ኢሊጋል ኢንስትራክሽን»፣ ነገ ደግሞ ሰላም

ስህተቱ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትዕዛዝ ደረሰው ማለት ነው። ኮዱን ስትገነቡ «ለዚህ ማሽን ፕሮሰሰር አመቻች» የሚለውን የኮምፓይለር አማራጭ ተጠቅማችኋል፣ ውጤቱንም ካሽ አድርጋችኋል (ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀምጣችኋል)። የተገነባው ኤቪኤክስ-512 (አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ብቻ ያላቸው የትዕዛዝ ስብስብ) ያለው ማሽን ላይ ነው። ዛሬ የደረሳችሁ ማሽን ግን የለውም። አማራጩን አንሱና ዝቅተኛውን የጋራ ፕሮሰሰር ደረጃ በስም ጻፉ። ካሹንም ጣሉት።

አርም ላይ በኢሙሌሽን ያልፋል፣ እውነተኛው አርም ላይ ይወድቃል

ኢሙሌሽን የአርምን (የሌላ ዓይነት ፕሮሰሰርን) ትዕዛዞች ይተረጉማል። ከሥር ያለው ግን ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ዓይነት ፕሮሰሰር) ነው። ኤክስ86 ወደ ሜሞሪ የሚጻፉ ነገሮችን ቅደም ተከተል አጥብቆ ይጠብቃል፣ አርም ግን ላላ ያደርገዋል። ሁለት ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሮጡ የአንድ ፕሮግራም ክፍሎች) ያለ በቂ ጥበቃ አንድ ሜሞሪ የሚነኩበት ስህተት ኢሙሌሽኑ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ የትሬድ ቴስቶቹን እውነተኛ አርም ላይ አሩጡ። ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ለክፍት ሪፖዎች (የኮድ ማከማቻዎች) የአርም ማሽኖችን በነፃ ማቅረብ ጀምሯል።

ሂዩጅፔጅ ጠይቃችሁ የተሰጣችሁ ያነሰ ነው

ሂዩጅፔጅ በአንድ ላይ የሚያዝ ትልቅ የሜሞሪ ቁራጭ ነው። ያነሰ የተሰጣችሁ ሜሞሪው ስለተበጣጠሰ ነው። የ2 ሜጋባይቱን ሥራው ገና ሲጀምር ያዙ። የ1 ጊጋባይቱ ግን ማሽኑ ሲነሳ ቢያዝ ይመረጣል፣ የኪራይ ማሽን አነሳስ ደግሞ በእጃችሁ አይደለም። ኬቪኤም ካላችሁ የራሳችሁን ከርነል በውስጥ አስነሱ። አንድ የተለየ የኔትወርክ ካርድ ካስፈለጋችሁ የራሳችሁን ማሽን ግዙ።

የራሳችን ማሽን ላይ ሥራው «ወረፋ ላይ» ብሎ ቀረ

መጀመሪያ የሥራው ሌብልና የማሽኑ ሌብል (ሥራውን የትኛው ማሽን እንደሚወስደው የሚለየው መለያ) አንድ መሆናቸውን እዩ። ፊደል መሳሳት ብዙ ነው። ቀጥሎ ማሽኑ በርቷል ወይ? አዲስ አበባ ቢሮ ላስቀመጠ ሰው መብራት መጥፋቱ የታወቀ ነው። ዩፒኤስ አድርጉ። ባዮስ ውስጥ ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ አዘጋጁ። ራነሩንም (ሥራውን ከሲአዩ ተቀብሎ የሚያሮጠውን ፕሮግራም) እንደ ሰርቪስ፣ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አድርጋችሁ ጫኑት። የጊትሃብ ራነር ራሱ ወደ ውጭ ስለሚደውል የሕዝብ አይፒ አያስፈልገውም። ሥራው 24 ሰዓት ከጠበቀ ግን ይሰረዛል። 14 ቀን ያልተገናኘ ራነርም ከመዝገብ ይወጣል፣ እንደገና ማስመዝገብ ይኖርባችኋል።

ሌላው ምልክት፣ አንድ ቴስት ብቻውን ሲሮጥ አልፎ ከሌላው በኋላ መውደቁ ነው። የቀደመው ሥራ ያልፈታው ዲስክ ወይም ያላጠፋው የኔትወርክ ብሪጅ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያገናኝ የኔትወርክ ድልድይ) ቀርቷል። የማጽጃ ስክሪፕት እየጻፋችሁ አትድከሙ፣ ሁልጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ማሽኑ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ከንጹህ ኢሜጅ እንደገና ይነሳ።

ሪፖው ለሁሉም ክፍት ከሆነ ደግሞ ይህን ማሽን አታገናኙበት። የማታውቁት ሰው በሚልከው ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥ ጥያቄ) የፈለገውን ኮድ ቢሮአችሁ ውስጥ ሊያሮጥ ይችላል። ጊትሃብም የራስን ራነር ለተዘጉ ሪፖዎች ብቻ መጠቀምን ይመክራል። የግድ ከሆነባችሁ ማሽኑን ከቢሮው ኔትወርክ ለዩት፣ ምንም ቁልፍ አታስቀምጡበት፣ ከውጭ የመጣ ኮድም አንድ ሰው አይቶ ሳይፈቅድ አይሩጥ።