ተማሪዎችን ጣና ዳር ወስዶ ወፍ ማስቆጠር

ለባዮሎጂ መምህራን፦ አጥርና የመግቢያ ትኬት ያለው የእንስሳት ማቆያ አያስፈልገንም፤ ጣና አለን። ሐይቁና አካባቢው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ቦታ፣ ሆኖ ተመዝግቧል።

ተማሪዎቹን ከጠዋቱ 12:30 ላይ ዳርቻው ላይ አድርሷቸው። ከረፈደ ጀልባው ወፉን ይበትነዋል። አራት አራት ሆነው ይመደቡ፤ አንዱ ይመልከት፣ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይመዝግብ፣ አንዱ ሰዓት ይያዝ። (ወሬኛውን ሰዓት አስይዙት፤ ዝም ይላል።) ከቆሙበት ሳይነቃነቁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያዩትን ብቻ ይጻፉ፦ የወፉን ዓይነት፣ ብዛቱንና የሚያደርገውን። ስሙን ካላወቁ መልኩን ይሣሉ እንጂ አይገምቱ።

ጃካና የምትባለዋን ወፍ ግን እንዳያልፏት። ጣቶቿ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ሳትሰምጥ ትራመዳለች። እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ደግሞ አባትየው ነው። ይህን የሰማ ክፍል ሲከራከር ይሰነብታል፤ ተዉአቸው፣ ይከራከሩ።

ቆጠራውን በየወሩ በዚያው ቦታና ሰዓት ድገሙት፤ አንድ ጊዜ የተቆጠረ ቁጥር ምንም አይናገርም። እምቦጭ የሸፈነውንና ደንገል የበቀለበትን ዳርቻ ለየብቻ መዝግቡ፤ ልዩነቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው በግራፍ ያውጡት።

ጉማሬ ከታየ ቆጠራው ወዲያው ይቋረጥ፤ በጉማሬውና በውኃው መካከል ማንም አይቁም።