የበረሃ ቀለም ለቤታችሁ ከመረጣችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ሳሎኗን አይቼ እንዳማክራት ጠራችኝ። ግድግዳው ቤዥ፣ ሶፋው ቤዥ፣ ምንጣፉ ቤዥ፣ መጋረጃውም ቤዥ። "በረሃ እንዲመስል ነበር የፈለግኩት፣ ግን ቤቱ ደበተኝ" አለችኝ። ይሄን ስንቴ እንዳየሁት!

በረሃ ማለት የአሸዋ ቀለም ብቻ አይደለም። ሰሃራ ራሱ አብዛኛው ድንጋይና ጠጠር ነው። ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ያለው የናሚብ በረሃ የአሸዋ ክምር በብረት ዝገት ቀልቶ ነው የምታዩት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጥላው ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ይሄዳል። ስለዚህ ከአሸዋው ጋር የዝገት ቀይ፣ ጠቆር ያለ ቡኒ፣ አቧራ የለበሰ የሚመስል አረንጓዴ፣ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ጨምሩ፣ ያኔ አሸዋው ራሱ ይደምቃል።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ ቀለም ስልክ ላይ አይቶ ማዘዝ። እባካችሁ ተዉት! የስልኩ ስክሪን ራሱ ያበራል፣ ግድግዳችሁ ግን ያገኘውን ብርሃን ነው የሚመልሰው። እኔም ስጀምር ቀጥታ ፀሐይ ለማይገባበት ክፍል ከትንሽ ናሙና ካርድ ላይ የሸክላ ቀለም መርጬ አስቀባሁ፣ ቀን ላይ ስገባ ግድግዳው ጉበት መስሏል፣ ክፍሉ እንዳለ ድጋሚ ተቀባ። ከዚያ ወዲህ 60 በ60 ሴንቲ ካርቶን ሁለት እጅ ሳልቀባና በደንብ ሳይደርቅ ምንም አልወስንም (እርጥብ ቀለም ያታልላል)። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ለጥፉና ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ መብራት አብርታችሁ እዩት፣ ሶፋው አጠገብም ወስዳችሁ እዩት፣ ሁለት ቀን ይቆይ። የድሮው ቀለም ላይ ትንሽ ቀብቶ መሞከር አይረዳም፣ ዙሪያው ያለው ቀለም ዓይናችሁን ይስበዋል።

አምፖሉንም ከቀለሙ በፊት ቀይሩ። የአምፖሉ ማሸጊያ ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ከሆነ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የአሸዋ ቀለማችሁን አመድ ያስመስለዋል። 2700 ግድም ያለውን ውሰዱ።

የሚያብረቀርቅ ቀለም? ለዚህ ስታይል አይሆንም፣ የስቱኮውን እንከን ሁሉ ያወጣባችኋል።

ሥዕል ላይ ደግሞ ሁሉም ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 145 እስከ 150 ሴንቲ ይሁን። ከሶፋ በላይ ከሆነ የሥዕሉ የታች ጠርዝ ከሶፋው መደገፊያ 15 እስከ 20 ሴንቲ ብቻ ይራቅ፣ ስፋቱም የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ይያዝ፤ 210 ሴንቲ ሶፋ ላይ 140 ገደማ ማለት ነው። አንድ ትልቅ ከሌላችሁ ትንንሾቹን አቀራርባችሁ እንደ አንድ ስቀሏቸው። ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት በልኩ ጋዜጣ ቆርጣችሁ በፕላስተር ለጥፉና ራቅ ብላችሁ እዩ።

ለሥዕሎቻችሁ አንድ በረሃ ምረጡ። ያ ክንዱን ወደ ላይ ያነሳው ረጅም ቁልቋል፣ ሳጓሮ የሚባለው፣ በተፈጥሮ የሚበቅለው አሪዞናና ሰሜን ሜክሲኮ ባለው የሶኖራ በረሃ ብቻ ነው፤ እሱን ከሰሃራ የግመል ሲራራ ጎን ስትሰቅሉት ግድግዳው ሁለት ቦታ ይሆናል።

መስታወት ያለው ፍሬም ከመስኮት ትይዩ አይሰቀልም፣ ነጸብራቁ ሥዕሉን ይሸፍነዋል።

የዛችን ልጅ ቤት እንዳለ አላስቀባሁትም። አምፖሎቹን ቀየርን፣ ከሶፋው ጀርባ ያለውን አንዱን ግድግዳ ብቻ የዝገት ቀይ ቀባን፣ ደብዛዛ ሰማያዊ ትራሶች ጨመርን። ኮርኒሱ ሥር የነበረውን ሥዕል 40 ሴንቲ አወረድኩት፤ "ይሄ ሥዕል እንዲህ ያምር ነበር እንዴ?" አለችኝ።