የተዳፋት ባህር ዛፍ አፈሩን ሳይጎዳ እንዴት ይቆረጣል?

በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባህር ዛፍ ዛሬ ለብዙ የደጋና የወይና ደጋ ገበሬ የክፉ ቀን ጥሪት ነው። ለአጣና፣ ለማገር ወይም ለማገዶ ይቆረጣል፤ ጉቶውም መልሶ ያቆጠቁጣል። ተዳፋቱ ከቆረጣ በኋላ በጎርፍ ሲሸረሸር ጥፋቱ ሁሉ በዛፉ ላይ ይላከካል። በእኔ እምነት ግን አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ግንዱ ከማሳው በሚወጣበት አኳኋንና ቅጠሉ ተጠርጎ በመወሰዱ ነው፤ ሁለቱንም ማስተካከል ይቻላል።

ቆረጣው በበጋ ተከናውኖ ግንዱ ሁሉ ክረምት ሳይገባ መነሣት አለበት፤ እርጥብ አፈር በግንድና በከብት ኮቴ ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያም ውሃ ማስረግ ያቆማል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማሳውን ዞሮ በማየት በባህር ዛፉ መካከል የበቀሉትን አገር በቀል ዛፎች ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ የከለከለው እየተመናመኑ በመምጣታቸው ነው፤ በግል ይዞታም ቢሆን እነዚህን ማትረፍ ይገባል። በምንጭ ዳር ያለው ባህር ዛፍ ውሃውን ስለሚሻማ ቢነሣ ይሻላል፤ ነገር ግን ዳርቻው በአንድ ጊዜ እንዳይራቆት በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየቆረጡ በምትኩ አገር በቀል ዛፍ መትከል ነው።

ዛፉ እንዲወድቅ በተፈለገበት ወገን ከግንዱ ውፍረት አንድ አራተኛ ያህል በሽብልቅ ቅርጽ ይከፈታል፤ ከዚያም በስተኋላ በኩል ትንሽ ከፍ ብሎ ይገዘገዛል። አወዳደቁ ወደ መጎተቻው መንገድ እንዲያዘነብል ከታሰበበት ግንዱን ለማዞር ሲባል የሚረገጠው መሬትና የሚሰበረው ችግኝ ይቀንሳል።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በጉተታው ላይ ነው። ግንድ ቁልቁል በቀጥታ ሲጎተት የሚተወው ቦይ በመጀመሪያው ዝናብ የጎርፍ መውረጃ ይሆናል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ዝም ከተባለ ደግሞ ቦረቦር ወደ መሆን ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት መንገድ ብቻ ተመርጦ ተዳፋቱን አግድም እየሰያፈ እንዲወርድ ማድረግ፣ እርከንን አለማቋረጥ፣ ወንዝን አለመሻገር፣ የሚቻለውንም ያህል በሸክም ማውጣት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ግንድ እንደወጣ፣ በዚያው ሳምንት፣ በመንገዱ ላይ በየተወሰነ ርቀት ሰያፍ የአፈር ጉብታ ተሠርቶ ውሃው ወደ ጎን፣ ሣር ወዳለበት እንዲቀለበስ ይደረጋል።

ቅጠሉና ቅርፊቱ ከእንጨቱ ይልቅ ለአፈር የሚጠቅም ንጥረ ነገር በብዛት የያዙ ክፍሎች ናቸው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ለዘመናት እንደታየው፣ የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሲያልቅ ዝናቡ በራቁቱ አፈር ላይ በቀጥታ ይወርዳል። ቅጠል ለቅመው የሚኖሩ እናቶችን መውቀስ አይገባም፤ ሌላ ማገዶ ስለሌላቸው ነው። ባለቤቱ ግን ቢያንስ የቀጫጭኑን ቅርንጫፍና የቅጠሉን ግማሽ በተዳፋቱ አግድም ደርድሮ ቢተው አፈሩን ይይዝለታል፤ ጉቶዎቹ ላይ ግን መከመር የለበትም፤ ቡቃያውን ያፍናልና።

ጉቶው ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳያቁር በትንሹ ዘንበል ተደርጎ በመጋዝ ይቆረጥ፤ መጥረቢያ ቅርፊቱን ከእንጨቱ ይገነጥለዋል፣ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ደግሞ ከዚያው ነው። ከብት ካልገባበት በአንዱ ጉቶ ላይ ብዙ ቡቃያ ይበቅላል፤ ቁመቱ ከሰው ሲስተካከል ጠንካራውን አንድ ወይም ሁለት አስቀርቶ ሌላውን መመልመልና ምልምሉን እዚያው ማንጠፍ ነው።