ቴስታታው ከመነሳቱ በፊት

ባለፈው ክረምት የፒካፔ የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ማጠራቀሚያ ቡናማ ጭቃ ሞላው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። መካኒኩ ክዳኑን እንደከፈተ «ጓርኒሲዮን ነው» አለ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተነሳ፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ማለትም ጓርኒሲዮኑ፣ ተቀየረ፣ ራዲያተሩ ታጠበ። በአራተኛው ቀን ጭቃው ተመልሶ መጣ። የተበላሸው የሞተሩን ዘይት የሚያቀዘቅዘው ኦይል ኩለር ነበር።

ትልቁ ስህተት ይሄው ነው፦ ሳይመረምሩ ጓርኒሲዮን ላይ መፍረድ። ቱርቦ ያለው ሞተር ዘይቱ በጣም ስለሚሞቅ ብዙ ጊዜ ኦይል ኩለር ይገጠምለታል። በውስጡ ዘይትና ኩላንት ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ የሚለያቸው ስስ ብረት ብቻ ነው። ብረቱ ከተበሳ፣ ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ኩላንቱ ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወርዳል፤ የሞቀው ኩላንት ግን ግፊቱን ይዞ ይቆያል። ያኔ ደግሞ ኩላንት ወደ ዘይቱ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ራዲያተሩ በዘይት ተበክሎ የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ዘይት ንጹህ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኦይል ኩለሩን ይጠርጥሩ። ያስፈቱትና የዘይቱን አንድ ቀዳዳ አስደፍነው፣ ውሃ ውስጥ ነክረው በሌላው አየር ያስነፉበት። በኩላንቱ መንገድ አረፋ ከወጣ ጥፋቱ ተገኘ። ይህ ቴስታታ ከማንሳት ጋር ሲተያይ ቀላል ሥራ ነው።

የዘይት መሙያው ክዳን ላይ ወተት የመሰለ አረፋ አይቶ መደንገጥም አለ። እዚህ ባሕር ዳር በክረምት ከጊዮርጊስ እስከ አባይ ድልድይ ብቻ የሚመላለስ መኪና ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ እርጥበቱ ክዳኑ ላይ ይጠራቀማል። መኪናውን አሳድረው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የኮፓውን ቡሎን በቀስታ ያላሉ። ኩላንት ከዘይት ስለሚከብድ ከታች የተጠራቀመ ካለ ቀድሞ ይወጣል። ዘይቱ ራሱ ማኪያቶ ከመሰለ ግን ነገሩ እርጥበት ብቻ አይደለም።

ራዲያተር ውስጥ የጭስ ጋዝ መኖሩን የሚያሳየው ባለቀለም ፈሳሽ ጥሩ ነው፤ ለብቻው ግን አይመኑት። ጓርኒሲዮኑ የተበላው በዘይትና በውሃ መንገድ መካከል ከሆነ ጋዝ አይገባም፣ ፈሳሹም ቀለሙን አይቀይርም።

«እስከ ጋራዥ ልንዳው» አይበሉ። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ኩላንት የገባበት ዘይት ያን አይችልም። ያስጎትቱት።

ጓርኒሲዮኑ በእርግጥ ከተቃጠለም ምክንያቱን ሳይፈልጉ አይግጠሙ። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሂት አድርጎ (ከልክ በላይ ሞቆ) ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘና ኩላንቱ በተራ ውሃ ከተተካ፣ የአባይ በረሃ ዳገት ላይ ሞተሩ ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ክዳኑን ያስፈትሹ። ቴስታታው መጣመሙንም ሳያስለኩ አዲስ ጓርኒሲዮን አይጨምሩ።

ከጥገናው በኋላ አንድ እጥበት አይበቃም። ዘይቱ ጎማ ቱቦዎቹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ጎማውንም ያሳብጠዋል። እኔ ሦስት ጊዜ አሳጠብኩ፣ ያበጡትን ቱቦዎች ቀየርኩ። የሞተሩን ዘይትና ፊልትሮ ደግሞ ከጥቂት ቀናት በኋላ በድጋሚ ቀየርኩ።