የመጀመሪያ ባንኮ በድሬዳዋ፦ የእንጨት ችግርና መፍትሄ

አዲስ ባንኮ፣ ማለትም የአናጢ መሥሪያ ጠረጴዛ፣ በተሠራ በወሩ የሚያሳየው ብልሽት ከሞላ ጎደል እንጨቱ ሲገዛ አብሮ የተገዛ ነው። መላጊያ መሳልና በስኳድራ መለካት ታውቃላችሁ ብዬ በቀጥታ ወደ እንጨቱ እገባለሁ።

ምልክት፦ የባንኮው ፊት ጎበጠ፣ ኮላው ተከፈተ፣ ተሰነጠቀ

መንስኤው እርጥብ ባህር ዛፍ ነው። ደጋግሜ የማየው ይሄንኑ ነው። ከደጋ በአይሱዙ የሚወርደው ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) ብዙ ጊዜ ትናንት ከመጋዝ የወጣ ነው። ሐረር ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ ድሬ 1,200 ገደማ ናት፤ እዚያ ቀስ ብሎ የሚደርቅ እንጨት እዚህ ሙቀቱ ሲያገኘው ውሃውን ባንዴ ይለቃል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ የሚያጥረው በወርዱ ነው። ያውም የእድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ከልብ ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ጣውላ የሚጎብጠው በዚህ ልዩነት ነው። ባህር ዛፍ በቀለበቱ አቅጣጫ 10 በመቶ ሊኮማተር ይችላል፤ 60 ሳንቲም ወርድ ባለው ፊት ላይ 6 ሳንቲም ማለት ነው።

ሳቢያን ሰፈር አንድ ልጅ ጥሩ ሞርሳ የገጠመለት ባንኮ ሠርቶ ጠራኝ። ፊቱን ከእግሩ ጋር ልክክ ባለ ቀዳዳ በብሎን አጥብቆ አስሮታል። እንጨቱ ሲኮማተር ብሎኑ አልለቅ ስላለው መሃሉ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ሻጩ «አቦ፣ ደረቅ ነው፣ ውሰደው» ብሎት ነበር። እግሩን ስቆርጠው የተቆረጠው ፊት እጄ ላይ ገና ይቀዘቅዝ ነበር። ከዚራ ሰፈር ደግሞ ሌላው ሞራሌውን ቶሎ እንዲደርቅለት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣው። ላዩ ደረቀ፣ ውስጡ እርጥብ ቀረ፣ ሁሉም እንደ ገመድ ተጠማዘዘ። እንጨት ፀሐይ ላይ አታስጡ። በፍጹም አታስጡ!

መፍትሄው ከመግዛት ይጀምራል። የሞራሌው ጫፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚደርቅ ጫፉን ነክታችሁ አትፍረዱ። ከጫፉ 30 ሳንቲም ያህል አስቆርጡና አዲሱን ፊት ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፤ ከቀዘቀዘ እርጥብ ነው። ሁለት ሞራሌ አጋጩ፤ ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ሻጩ አላስቆርጥም ካለ ሌላ ቤት ሂዱ። መሃሉ ላይ የግንዱ ልብ የሚታይበትን ሞራሌ በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት፤ ከዚያ መሰንጠቁ አይቀርም።

ቤት ስታደርሱት ጫፎቹን በትርፍራፊ ቀለም ድፈኑ፤ ውሃ በጫፍ በኩል በጣም ስለሚፈጥን ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት አንስታችሁ፣ በየ50 ሳንቲሙ እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ እያስገባችሁ ደርድሩት፤ ቁራጮቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት። አንዱን ሞራሌ ምልክት አድርጋችሁ በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም የድሬን አየር ለምዷል ማለት ነው። ወራት ይፈጃል፤ ታገሱ። ፊቱን ከእግሩ ጋር ስታስሩ የዳሮቹን ቀዳዳዎች ወደ ወርዱ አስረዝሟቸው፣ ሰፊ ሮንዴላ አስገቡበት፤ እንጨቱ ሲኮማተር ብሎኑ አብሮት ይሂድ።

የፈረንጅ ጥድ ካገኛችሁ ለፊቱ ከባህር ዛፍ ይሻላል፦ ሲደርቅ ብዙ አይኮማተርም፣ ለመላጊያም ይመቻል፤ አንጓው ግን ይበዛል። ባህር ዛፉን ለእግር አድርጉት። ዋንዛና ዝግባ ለመጀመሪያ ባንኮ ማባከን ነው፤ ከመንግሥት ደን መቁረጣቸውም በሕግ የተከለከለ ነው።

ምልክት፦ ስትልጉ ባንኮው ይሄዳል

እንጨቱ ቀጭን ነው፣ ወይም ታችኛው ማገር የለውም። 5 በ7 ሳንቲም ሞራሌ ሁለቱን በኮላ አጣብቃችሁ እግር አድርጉ፤ ማገሩ ላይ ጣውላ ዘርግታችሁ የአሸዋ ከረጢት ጫኑበት።

ምልክት፦ ከፓሌት የተሠራው ባንኮ መላጊያ ይሰብራል

ከደረቅ ወደብና ከመጋዘን የሚወጣ ፓሌት ርካሽ ነው፤ ጥሩም አለው። ግን ከእንጨቱ ላይ ማኅተሙን አንብቡ። «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፦ የእንጨቱ ውስጥ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ ቆይቷል። ይህ ተባይ ለመግደል ነው፤ ደርቋል ማለት አይደለም። «ኤም ቢ» የሚለው በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነው፤ ወደ ቤት አታስገቡት። ኬሚካል ወይም ዘይት የፈሰሰበትንም እንዲሁ። ሚስማሩን ነቅላችሁ ጨረስን ካላችሁ በኋላ ማግኔት አስኪዱበት፤ የተሰበረ ሚስማር እንጨቱ ውስጥ ይቀራል፤ መላጊያውን የሚሰብረው እሱ ነው።

ምልክት፦ ብሎኑ ይዞር እንጂ አይጠብቅም

ፊቱ ቺፑድ ነው። አውጥታችሁ ጣሉት፤ ለባንኮ የሚሆን ቺፑድ የለም።

ምልክት፦ ከእግሩ ስር ዱቄት ይወርዳል

ነቀዝ ነው። ከቅርፊቱ ስር ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ይወዳል፤ ያንን ልጋችሁ ጣሉት፣ የተበላውን እግር ቀይሩ። የጭቃ መስመር ካያችሁ ግን ምስጥ ነው፤ እግሮቹን ከአፈር ወለል አንስታችሁ ድንጋይ ላይ አስቀምጡ፣ መስመሩን በየጊዜው ጥረጉ። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ባንኮው ላይ የምትሠሩትን ሁሉ ያበላሽባችኋል።