ባንክ ያላግባብ የቆረጠውን ገንዘብ በፍርድ ቤት ስለ ማስመለስ

ባንክን ከስሶ ገንዘብ ማስመለስ የሚቻለው በምሬት ሳይሆን በወረቀት ስለሆነ፣ ሥራው የሚጀመረው ከቅርንጫፉ ነው። ስቴትመንት የሚባለውን የሒሳብ መግለጫ፣ ሒሳቡ ሲከፈት የፈረሙትን ውልና የባንኩን የአገልግሎት ክፍያ ተመን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያም እያንዳንዱን የተቆረጠ ገንዘብ በቀን፣ በመጠንና በምክንያት ይለዩ። ለምሳሌ አንድ የቢቸና ጤፍ ነጋዴ ለአንድ ጊዜ ማስተላለፍ ሁለቴ ከተቆረጠበት፣ መጠየቅ ያለበት ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ተገቢውንም አብሮ መጠየቅ ክሱን ያዳክማል።

ቅሬታዎን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ያስገቡና በእጅዎ በሚቀረው ላይ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያስደርጉ፤ ሥራ አስኪያጁ «እናየዋለን» ማለታቸው ማስረጃ አይሆንም። አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎም ባንኮችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይቻላል።

ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ «ፈርመሃል» ብሎ ይከራከራል። በእርግጥ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው፤ ይሁን እንጂ ቁጥር 1686 ደንበኛው ያላወቀውና ያልተቀበለው ጠቅላላ የንግድ ሁኔታ፣ ማለትም ባንኩ ለደንበኞቹ ሁሉ አስቀድሞ ያዘጋጀው የውል ቃል፣ የመንግሥት ባለሥልጣን ካልደነገገው ወይም ካላጸደቀው በቀር፣ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ቁጥር 2164 ደግሞ ሊከፍል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት ለመጠየቅ ያስችለዋል። ክርክሩ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ባንኩ ገንዘቡን እንዲቆርጥ የፈቀደለትን የውል አንቀጽ ወይም ተመን እንዲያሳይ ይጠይቁ።

ክሱ ገንዘቡ በተቆረጠበት ቅርንጫፍ አካባቢ ሊቀርብ ይችላል። ይሁንና ባንክን የሚመለከት ክስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው ሊባል ይችላል፤ በክልል የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት በውክልና የሚሠራው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመሆኑ፣ ወረዳ ላይ ከፍቶ በሥልጣን ክርክር ከመመለስ በፊት ከከፍተኛ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ለምሳሌ በጎጃም ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ካለው፣ አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል። በክስ ማመልከቻው ላይ የሚመለሰው ገንዘብ፣ ሕጋዊው 9 በመቶ ወለድና ወጪና ኪሳራ ተለይተው ይጻፉ፤ የማስረጃ ዝርዝሩ ይያያዝ፤ እውነት መሆኑም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት ይረጋገጥ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በዚሁ ሕግ ቁጥር 467 መሠረት በደሃ ደንብ መክሰስ እንዲፈቀድለት ያመልክት።

መጥሪያው ከደረሰው በኋላ ባንኩ ለመስማማት ከጠየቀ መቀበል ብልህነት ነው፤ ነገር ግን የዳኝነት ክፍያው ጭምር የተካተተበት ስምምነት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ሳይሰፍር መዝገቡን አያዘጉ።